የቦይለሩ ደረሰኝ

ወንድሜ ቦይለር ገዝቶ አያውቅም። ደረሰኙ ግን ገዝቷል ይላል። ሃምሳ ሊትር የሚይዝ፣ ነጭ፣ የመሬት ሽቦ ያለው፣ የጥራት ማረጋገጫ ያለው። ከደረሰኙ ጋር በተያያዘው ወረቀት ላይ "ዕቃውን በመልካም ሁኔታ ተረክቤያለሁ" ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ ወንድሜ ፈርሟል። ፊርማው የራሱ ነው። አውቀዋለሁ፤ የመጨረሻዋን ፊደል ሁልጊዜ ወደ ላይ ይጎትታታል።

እሱን የገደለችው ሌላ ናት። ከሻወር ቧንቧ ጫፍ ላይ የምትገጠም፣ ሁለት ቡጢ የምታክል የፕላስቲክ ማሞቂያ። ለእሷ ደረሰኝ የለም።

ይህን ስጽፍ ስም አልጠራም። የእሱንም፣ የዋሱንም፣ የሱቁንም። ብጠራ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ሲነበብ ይታወቃል። መጻፍም ብዙ አልችልም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ነው የተማርኩት፤ ፈተናውንም አላለፍኩም። ግን በየቢሮው የጻፍኩት ሁሉ ግማሽ ግማሹን ነው። አንድ ቦታ ሙሉውን ልጽፈው ብዬ ነው።

እናታችን ሰበታ ናት። ወንድሜ ሱሉልታ፣ ውሃ በሚያሽግ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። እኔ ከእሱ ጋር በአንዲት ሰርቪስ ቤት ውስጥ እኖር ነበር፤ የምሠራው ግን ቡራዩ፣ አንድ እንጨት ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት ሦስት ታክሲ እቀያይራለሁ። ማታ እንደዚያው። ወንድሜ በሰባት ዓመት ይበልጠኛል። አላገባም። አባታችን ከሞተ ወዲህ እናታችንንም እኔንም የያዘው እሱ ነበር፤ ይዣችኋለሁ ብሎ ግን አያውቅም።

አንድ ቀን ሸሚዜ ላይ የተጣበቀውን ሰጋቱራ እያራገፈ "አናጢነት መጥፎ ሥራ አይደለም" አለኝ። "አንተ ግን እንጨት አትወድም።"

"ማን አለህ?"

"ታክሲ ውስጥ ስትገባ አይሃለሁ። ቀድመህ የምታየው ማርሹን ነው።"

እውነቱን ነው። መንዳት እፈልግ ነበር። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ግን የማሠልጠኛው ክፍያ ለእኛ ከባድ ነበር። ወንድሜ የፋብሪካው ሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበር አባል ነው፤ አምስት ዓመት ሙሉ ከደመወዙ ተቆርጦበታል፣ አንድም ቀን ተበድሮ አያውቅም። ስለዚህ ሄዶ "የትምህርትና ሥልጠና ብድር" የሚለውን ቅጽ ሞላ። "ለማን?" በሚለው ፊት "ለወንድሜ" ብሎ ጻፈ።

ያን ቀን የሆነውን እየሳቀ ነው የነገረኝ። ገንዘብ ያዡ ቅጹን አየና መለሰለት።

"ወንድም የለም።"

"አለኝ እኮ። ቤት ነው ያለው።"

"ቅጹ ላይ ማለቴ ነው። ለአባሉ፣ ለትዳር ጓደኛው ወይም ለልጁ ይላል። አግባና ሚስትህን አሠልጥናት።"

የተሰለፉት ሳቁ። ወንድሜም ሳቀ። ቀጥሎ ግን፣ እሱ እንዲህ ነበር፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አሳየው። ብድር የተከለከለ አባል ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠዋል የሚል ማስታወቂያ ነው፤ መንግሥት ለጥፉ ብሎ ያስለጠፈው።

"እሺ፣ ምክንያቱን ጻፍልኝ።"

"አልከለከልኩህማ። ማመልከቻህን መቼ ተቀበልኩህና?"

ወንድሜ ይቺን ነገር ይወዳት ነበር። ቤት ውስጥ እንጀራ አልቆ "ቁርስ የለም?" ስለው "አልከለከልኩህም፣ ማመልከቻህን መቼ ተቀበልኩ" ይለኝ ነበር። እኔ አሁን አልስቅባትም። ያኔ በጽሑፍ ቢከለክሉት ኖሮ ይግባኝ የሚልበት ነገር በእጁ ይኖረው ነበር። በጽሑፍ ስላልሆነ ያለው መንገድ ሁሉም የሚሄድበት መንገድ ብቻ ሆነ።

መንገዱ ይህ ነው። ማኅበሩ ለቤት ዕቃ ያበድራል፤ ላገባም ላላገባም። ከሱቅ ፕሮፎርማ ታመጣለህ፤ ዕቃው ይህ ነው፣ ዋጋው ይህ ነው የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው። ማኅበሩ ገንዘቡን በእጅህ አይሰጥም፤ በሱቁ ስም ቼክ ይጽፋል። ሱቁ ቼኩን ይወስዳል፣ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ አንተ ዕቃውን ተረክቤያለሁ ብለህ ትፈርማለህ። ከዚያ ዕቃውን አትወስድም። ባለሱቁ ድርሻውን ያስቀርና ገንዘቡን ለአንተ ይሰጥሃል። ሠርግ የተሠረገው፣ ቤት ኪራይ የተከፈለው፣ ልጅ የታከመው በዚህ ነው። በፋብሪካው ውስጥ በወረቀት ስንት ፍሪጅ እንዳለ ቢቆጠር ሱሉልታን ያቀዘቅዛል ብሎ የቀለደው ለወንድሜ ዋስ የሆነው ሰው ነው። እሳቸው ዕቃ ጫኝ ማሽን ይነዳሉ፣ የሦስት ልጆች አባት ናቸው። መንገዱንም ለወንድሜ የነገሩት እሳቸው ናቸው።

ሱቁን ያሳየሁት ግን እኔ ነኝ። ቡራዩ፣ ከምሠራበት እንጨት ቤት ፊት ለፊት ነው። ባለሱቁ በእኔ ዕድሜ ያለ ቀልደኛ ልጅ ነው።

"ምን ላድርግላችሁ፣ ብራዘር? ፍሪጅ? ቴሌቪዥን? ቦይለር? ወረቀት ላይ ሁሉም አለ" አለ።

ወንድሜ ቦይለር አለ። ሱሉልታ ብርድ ስለሆነ ኮሚቴው ይበልጥ ያምናል ብሎ ነው።

ቼኩ ወጣ። ባለሱቁ ድርሻውን አስቀርቶ ቀሪውን በፖስታ ሰጠን። ልንወጣ ስንል ወንድሜ በር ላይ ቆመ።

"ማሞቂያ ብዬ ፈርሜ ባዶ እጄን አልሄድም" አለ።

"ታዲያ ምን ታደርጋለህ?" አልኩት።

"ትንሽም ብትሆን ማሞቂያ እንግዛ። ወረቀቱ ሙሉ ለሙሉ ውሸት አይሁን።"

ባለሱቁ ከመደርደሪያው ላይ አንዲት ካርቶን አወረደ። ዋጋዋ ርካሽ ነበር። ወንድሜ ደረሰኝ ሲለው ሳቀ። "ደረሰኝማ ተቆርጦልሃል። ስንት ጊዜ ልቁረጥልህ?"

ያቺን ማሞቂያ የገጠምኩት እኔ ነኝ። ከካርቶኑ ውስጥ በወጣው ሥዕል እያየሁ ገጠምኩ። አረንጓዴና ቢጫ የሆነው ሽቦ የመሬት ሽቦ መሆኑን አውቃለሁ፤ ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ኤሌክትሪኩ መንገድ ቢስት ሰው ውስጥ ሳይሆን መሬት ውስጥ እንዲገባ ነው። እንጨት ቤት ካለው ብረት አንድ ክንድ ተኩል ቆርጬ አመጣሁ፣ ከመታጠቢያው ጀርባ መሬት ውስጥ ቀበርኩት፣ ሽቦውን አጥብቄ አሠርኩት። ወንድሜ ቆሞ ያየኝ ነበር። "ሹፌር ብቻ ሳይሆን መሐንዲስም ወጥቶሃል" አለኝ።

አራት ወር ያህል ሠራች። እኔ ሥልጠናዬን ጨረስኩ። ጠዋት ገላውን ታጥቦ ሲወጣ "ሹፌሩ፣ ውሃው ሞቋል፣ ግባ" ይለኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ውጭ ሆኜ ጫማዬን እየጠረግሁ ነበር። ውሃው ይወርዳል፤ ግን ድምፁ አንድ ዓይነት ሆነ። ሰው ሲታጠብ ውሃው ይቆራረጣል። ያ አልተቆራረጠም። ጠራሁት። ቆጣሪውን አጠፋሁ፣ በሩን ገፋሁ። ስለዚያ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ ነበር። "ማን ነው የገጠመው?" ድንኳኑ ውስጥ፣ ቀስ ብለው፣ እርስ በርሳቸው። አከራያችንም ለፖሊሱ ያሉት ይህንኑ ነው፤ ባለሙያ አልገጠመውም። እኔ ሲጠይቁኝ እኔ ነኝ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

እስከ አርባው ድረስ እኔም እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ሽቦው ላልቶ ይሆናል፣ ብረቱ ጥልቅ አልተቀበረም ይሆናል እያልኩ። አርባው ካለፈ በኋላ መታጠቢያው ጀርባ ሄጄ ብረቱን ነቀነቅሁት። አልተነቃነቀም። ሽቦው እንዳሠርኩት ነው። ስለዚህ ማሞቂያዋን አውርጄ በጠመንጃ መፍቻ ከፈትኳት።

አረንጓዴው ሽቦ ከፕላስቲኩ ቀዳዳ ይገባል። ውስጥ ካለው ብረት ጋር መያያዝ ነበረበት። አልተያያዘም። ገና እንደገባ ተቆርጧል። ጫፉ በሙጫ ተለጥፏል። ውጭ ለሚያየው የመሬት ሽቦ አለ፤ ውስጥ የለም። የእኔን ብረት ያሠርኩት ከምንም ጋር ነው።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ደስ አለኝ ማለት ይከብዳል። ግን የሆነ ነገር ከላዬ ወረደ። ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ፤ ከእንጨት ቤታችን በር ላይ ሆኜ በሱቁ መስተዋት ውስጥ የማያቸው ካርቶኖች። በማግስቱ ሥራ ስገባ ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አንድ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ዘጠኝ ሆነዋል። ሁለት ሰው ገዝቷል ማለት ነው። ሁለት ቤት።

መጀመሪያ ወደ ሱቁ ገባሁ። የተከፈተችውን ማሞቂያ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩለት። አላያትም።

"ነፍስ ይማር። ሰምቻለሁ" አለ። "ለወንድምህ የሸጥኩት ግን ቦይለር ነው።"

"ይቺን አይደለም እንዴ በእጅህ ያወረድክልን?"

"ብራዘር፣ ወረቀቱን ተመልከት። ቦይለር ይላል። ከወረቀቱ ወጥተን ከተነጋገርን ሁለታችንም እንታሠራለን። እኔ አንድ ጊዜ፣ እናንተ ሁለቴ፤ ለደረሰኙም ለብድሩም።"

"መደርደሪያው ላይ ያሉትስ? ሰው ሊገድሉ ነው እኮ።"

"እኔ አልሠራኋቸውም። አስመጪው ወረቀት አለው።"

ሱሉልታ ወደሚገኘው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ጉዳቱ እዚህ ቢደርስም ዕቃው የተገዛው ቡራዩ ስለሆነ ቡራዩ ሂድ አሉኝ። ቡራዩ ስሄድ መታወቂያህ የሰበታ ነው፣ ነዋሪ መሆንህን ከሱሉልታ ቀበሌ አጽፈህ አምጣ አሉኝ። ሱሉልታ ቀበሌ የቤት ኪራይ ውሉ በሟች ስም ስለሆነ የሞት ምስክር ወረቀት አምጣ አለኝ። እያንዳንዱን አመጣሁ። ሥራ እየቀረሁ፣ እየተቆጣሁ፣ በሦስቱ ከተሞች መካከል እየተመላለስኩ። በመጨረሻ ቡራዩ ጽሕፈት ቤት የሸማቾች አቤቱታ የምትቀበለው ባለሙያ ፊት ደረስኩ። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ክፉ ሰው አይደለችም። ይህን ልጽፍላት እፈልጋለሁ።

ማሞቂያዋን አገላብጣ አየቻት። ሙጫውን በጥፍሯ ነካችው።

"ይሄ ስህተት አይደለም። ሆን ተብሎ ነው" አለች። "ደረሰኝ?"

"አለ። ግን የሌላ ዕቃ ነው።"

እስኪርቢቶዋን አስቀመጠች። "እንዴት ነው የሌላ የሚሆነው?"

ነገርኳት። እስከመጨረሻው አላቋረጠችኝም።

"ስማኝ ወንድሜ። አቤቱታ የምቀበለው ደረሰኙና ዕቃው ሲገጣጠሙ ነው። ካልተገጣጠሙ፣ ለምን እንዳልተገጣጠሙ ቃልህን ትሰጣለህ። መስጠት ትችላለህ። ግን ደረሰኙ ሐሰት ነው ብለህ ከፈረምክልኝ፣ ግልባጩ ላበዳሪው ይሄዳል። ግዴታዬ ነው።"

"ይሂድ። ሻጩ ይጠየቅ።"

"ሻጩም ይጠየቃል፣ ተበዳሪውም ይጠየቃል።"

"ተበዳሪው ሞቷል።"

"ዋስ የለውም?"

ከዚያ በፊት ዋሱን አላሰብኳቸውም ነበር። እውነቱን ለመናገር አላሰብኳቸውም።

"አስብበት" አለች። "ወረቀቱን እዚህ አቆየዋለሁ።"

በዚያው ሳምንት ማኅበሩ አስጠራኝ። ያው ገንዘብ ያዥ ነው። አባል ሲሞት ዕዳውን የሚሸፍን የመድን ገንዘብ አላቸው። ለዚያ ወራሽ አንድ ወረቀት መፈረም አለበት፦ "ብድሩ ለተጠየቀበት ዓላማ መዋሉን አረጋግጣለሁ።" ከተፈረመ ዕዳው ይሰረዛል። ካልተፈረመ፣ ወይም ብድሩ ለሌላ ነገር መዋሉ ከታወቀ፣ መድኑ አይከፍልም፤ ከዋሱ ደመወዝ ይቆረጣል። እናቴ ማንበብ ስለማትችል እሷን ወክዬ የምፈርመው እኔ ነኝ።

"ወሩ ሳያልቅ" አለኝ ገንዘብ ያዡ። ቀጥሎ አንገቱን ደፋ። "ጥሩ ልጅ ነበር።"

እዚህ ላይ ነው መውጫ ያጣሁት። አንደኛው ወረቀት ቦይለር ነው በል ይላል። ሌላኛው ቦይለር አይደለም በል ይላል። አንዱን ከፈረምኩ የሦስት ልጆች አባት ደመወዝ ይድናል፣ ማሞቂያዎቹም መደርደሪያው ላይ ይቀራሉ። ሌላውን ከፈረምኩ ማሞቂያዎቹ ምናልባት ይነሳሉ፣ የሰውየው ልጆች ግን ትምህርት ቤት ክፍያ ያጣሉ። ለወንድሜ ዋስ ስለሆኑ ብቻ።

ዋሱን ጠዋት ፈረቃ ከመግባታቸው በፊት አገኘኋቸው። አስፋልቱ ዳር ቆመን ነው የተነጋገርነው። ሯጮች በፊታችን ያልፋሉ፤ እሳቸው ሯጮቹን እያዩ ይሰሙኝ ነበር።

"አካም፣ ኦቦሌሳ" አሉኝ ሲጀምሩ። በኦሮምኛ እንዴት ነህ፣ ወንድም ማለታቸው ነው። ወንድሜንም እንዲህ ነበር የሚጠሩት። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሽቦውን፣ ሙጫውን፣ ሁለቱን ወረቀቶች።

"ዘጠኝ ቀርተዋል አልክ?"

"ትናንት ስምንት ነበሩ፣ ጋሼ።"

"መንገዱን እኔ ነኝ ያሳየሁት" አሉ። "አትጻፍ ልልህ አፍ የለኝም። ጻፍ ልልህ ኪስ የለኝም።"

"ምን ላድርግ ታዲያ?"

"ለእናትህ ነግረሃታል?"

አልነገርኳትም ነበር። እሑድ ሰበታ ሄድኩ። ከቅዳሴ ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወልቅ ቁጭ ብላ ነበር። ማሞቂያዋን አላሳየኋትም፤ በቦርሳዬ ይዤአት ነበር፣ ማውጣት አቃተኝ። በቃሌ ነገርኳት። ሽቦው ውስጥ እንዳልነበረ ስነግራት እጄን ያዘችኝ። ብረቱን አጥብቄ መቅበሬን ደግሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ፣ ደግሜ ነገርኳት። ስለ ደረሰኙ ስነግራት ግን እጄን ለቀቀችው።

"ልጄ ውሸት ፈረመ ብለህ በየቢሮው ልትናገርበት ነው?"

"እሱን ልከስ አይደለም፣ እማዬ።"

"ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የማን ነው?"

"የእሱ ነው። ግን ሌላ ሰው እንዳይሞት ብዬ..."

"ሙት ወቃሽ አያድርግህ።"

"ሰው ሁሉ እኮ እኔ ነኝ የገደልኩት እያለ ነው።"

"ይበል" አለች። "አንተ በሕይወት አለህ፣ ትችለዋለህ። እሱ ተነሥቶ አይመልስም።"

ስወጣ ዳቦ ጠቅልላ ሰጠችኝ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ።

ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ማኅበሩ ቢሮ ገብቼ ፈረምኩ። ብድሩ ለተጠየቀበት ዓላማ መዋሉን አረጋግጣለሁ። ገንዘብ ያዡ ማኅተሙን አሳረፈና "አለቀ" አለኝ። በዚያ ወረቀት ላይ አሁን ሁለት ወንድማማቾች አሉ፤ ሁለቱም ቦይለር ገዝተዋል።

ለዋሱ በስልክ ነገርኳቸው። አመሰገኑኝ፤ ድምፃቸው ግን የተወቀሰ ሰው ድምፅ ነበር፣ የሚያመሰግን ሰው አይደለም። አፈሩ መሰለኝ። እኔም አፈርኩ።

በሦስተኛው ቀን በምሳ ሰዓት እንጨት ቤቱ በር ላይ ቆመው አየኋቸው። ከሱሉልታ ቡራዩ ድረስ መጥተዋል። በክንዳቸው ሥር አንዲት ካርቶን ይዘዋል፤ አውቃታለሁ። በሌላ እጃቸው ደረሰኝ።

"ባለሱቁ እኔን አያውቀኝም" አሉ። "በደረሰኝ ነው የምገዛው ስለው ዋጋ ጨመረብኝ። ጨምር አልኩት። ስሟን በትክክል ጻፍ አልኩት፣ ጻፈ። እየው።"

አየሁት። የማሞቂያዋ ስም፣ ዓይነቷ፣ ቀኑ። የገዢ ስም አይጻፍበትም።

"ጋሼ፣ ኪስ የለኝም አላሉም ነበር?"

"ለዚህች የምትሆን አላጣሁም። ክፈታት።"

በሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ከፈትናት። አረንጓዴው ሽቦ ገብቶ ተቆርጧል። ሙጫ። ልክ እንደዚያችኛዋ። ዋሱ መነጽራቸውን ወደ ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። "አንተ አይደለህም ማለት ነው" አሉኝ። እንደዚያ በግልጽ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ወዲያው ወደ ታክሲያቸው ሄዱ፤ ከሰዓት ፈረቃ ነበረባቸው።

ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። ባለሙያዋ ካርቶኑን አየች፣ ደረሰኙን አየች፣ እኔን አየች። ከየት አመጣኸው ብላ አልጠየቀችኝም። የበፊቱን ወረቀቴን ከመሳቢያዋ አውጥታ መለሰችልኝና አዲስ ቅጽ ሰጠችኝ። ቅጹ በአፋን ኦሮሞ ነው፤ እዚህ የምጽፈው አማርኛውን ነው።

የአቤቱታ አቅራቢ ስም። ሞላሁ። የዕቃው ዓይነት። ሞላሁ። የተገዛበት ሱቅ፣ ቀን፣ የደረሰኝ ቁጥር። ሞላሁ። የታየው ጉድለት። እዚህ ላይ ቦታው አልበቃኝም፤ ስለ ሽቦው በጠርዙ ላይ ሁሉ ጻፍኩ። እሷ ጠበቀችኝ። ቀጥሎ፦ "ዕቃው በሰው ላይ ያደረሰው ጉዳት።"

እስኪርቢቶው እጄ ላይ ቆመ።

"ባዶ መተው ይቻላል?" አልኳት።

"አይቻልም። ባዶ ከሆነ መዝገብ ቤት አይቀበለውም።"

"ምን ልጻፍ?"

ወደ ካርቶኑ አየች። "ይቺ ተገጥማ ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

"እንግዲያውስ" አለች። የቀረውን አልጨረሰችውም። ሌላ ፋይል ስባ የምታነብ መሰለች።

ከእኔ በኋላ የተሰለፉ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። "የለም" ብዬ ጻፍኩ። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ነው የጻፍኩት፤ እንዳይነበብ ማድረግ አልፈለግሁም። ፈረምኩ። ማኅተም አደረገችበት፣ ቁጥር ሰጠችው፣ ግልባጩን አጣጥፋ በእጄ አስቀመጠች።

ተቆጣጣሪዎቹ በሳምንቱ መጡ። ከበራችን ላይ ቆሜ አየኋቸው፤ አምስት ካርቶን ቀርቶ ነበር፣ አምስቱንም በፕላስተር አሽገው ወሰዱ። ባለሱቁ በባዶው መደርደሪያ ላይ ካውያ ደረደረ። ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝና በአንገቱ ሰላም አለኝ። እኔም ሰላም አልኩት፤ ወደ ሥራዬም ተመለስኩ።